ግንቡን እንጂ እቶኑን አላየንም፤ ስለ ጎንደር ኖራና ስለ ኖራ ማቃጠያዎቹ የቀረበ ትችት

ስለ ጎንደር ግንቦች የተጻፈው ጥቂት አይደለም። የመንገደኞች ማስታወሻ አለ፤ የሚሲዮናውያን መልእክት አለ፤ የሥነ ሕንፃ ጥናት አለ፤ የአገር ጎብኚ መምሪያም ሞልቷል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ግንቡን የትኛው ንጉሥ እንዳሠራው፣ ንድፉ ከየት እንደ መጣ፣ ማማው ምን እንደሚመስል ተደጋግሞ ይነገራል። ድንጋዩን ከድንጋይ ጋር አያይዞ ለአራት መቶ ዓመት ያህል ያቆመው ኖራ ግን ከአንድ ዐረፍተ ነገር የበለጠ ቦታ አያገኝም። ኖራው የተቃጠለበት እቶንማ ስሙም አይነሣ። እኛ በዚህ ትችት የምንመረምረው ይህንኑ ዝምታ ነው። ጉዳዩ የጽሑፍ ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሌላ ጊዜ በተውነው ነበር። ዳሩ ግን እቶኑን አለማወቃችን ግንቡን ራሱን እንደ ጎዳው፣ ወደ ፊትም ሊጎዳው እንደሚችል ስለምናምን ዝም ማለት አልተቻለንም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ኖራ ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁት የኬሚስትሪ ተማሪዎች ጓደኞቻችን ይታገሡን። የበሃ ድንጋይ በብርቱ እሳት፣ ይኸውም ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲቃጠል፣ በውስጡ ያለው የካርቦን ጋዝ ይወጣና ድንጋዩ ይቀልላል። ከ100 ኪሎ ንጹሕ ድንጋይ የሚቀረው 56 ኪሎ ብቻ ነው፤ ይህም ጥሬ ኖራ ነው። ጥሬ ኖራ ውሃ ሲፈስበት ይግላል፣ ይፈላል፣ ይሰነጣጠቃል፣ በመጨረሻም እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነገር ይሆናል። ዐይን ውስጥ ከገባ ያጠፋል፤ እርጥብ እጅ ከነካውም ያቃጥላል። ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋይ መካከል ሲገባ ደግሞ በእሳት ያጣውን ያንኑ ጋዝ ቀስ በቀስ ከአየር መልሶ እየወሰደ ዳግመኛ ድንጋይ ይሆናል። ይህ ለውጥ በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም፤ ግንቡ ወፍራም ከሆነ ብዙ ዓመት ይፈጃል። እንደ ተለመደው ባልተጠረበ ድንጋይ በሚሠራ ግንብ ውስጥ ከጠቅላላው ሲሶ ያህሉ የኖራ ጭቃ ነው። እንግዲህ የፋሲልን ግንብ አይተን የድንጋዩን ሥራ ስናደንቅ ሲሶውን ሳናየው እናልፋለን ማለት ነው።

እቶኑስ ምን ዓይነት ነገር ነው? በብዙ አገር የሚታወቀው የጥንቱ ዓይነት ከተዳፋት መሬት ተቆፍሮ በድንጋይ የሚለበጥ ክብ ጉድጓድ ነው። ከበታቹ የእሳት አፍ ይተዉለታል። ከውስጥ የሚቃጠለውን ድንጋይ ራሱን እንደ ቅስት ደርድረው ከእሳቱ በላይ ያቆሙታል፤ በዚያ ላይ የቀረውን ድንጋይ እስከ አፉ ይከምሩበታል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ እንጨት ይማግዱለታል። እሳቱ ከሠለጠነ በኋላ ቢያንስ ድንጋዩ አይበስልም፤ ቢበዛም ኖራው ይሞታል፤ ማለት ውሃ ቢያጠጡት እንኳ በደንብ አይፈርስም። ስለዚህ እቶን የሚጠብቅ ሰው ከጭሱና ከነበልባሉ መልክ የሙቀቱን ልክ የሚያነብ ባለሙያ መሆን አለበት። ከእርሱ ሌላ ድንጋይ ፈላጭ፣ እንጨት ቈራጭ፣ ጫኝ፣ ኖራ አብራጅ፣ አሸዋ ነፊ ያስፈልጋል። አንድ ቤተ መንግሥት ለማሠራት ይህ ሁሉ ሕዝብ ከግንበኛው በፊት ተሰማርቶ ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። በመምሪያ መጻሕፍት ዘንድ የተለመደው አባባል «ኖራን ወደ ኢትዮጵያ ያስገቡት ፖርቱጋሎች ናቸው» የሚል ነው። የዚህ አባባል ምንጭ የጀስዊት ታሪክ ጸሐፊዎች ናቸው። እነርሱ እንደ ጻፉት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት (1607–1632)፣ በ1620ዎቹ ውስጥ፣ ከሕንድ የመጣ ሰው ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በአገሩ ውስጥ መኖሩን ለየ። ድንጋዩንም ቀላልና በቀዳዳ የተበሳሳ አድርገው ይገልጹታል፤ በምዕራብ ሕንድ ለግንብ ሥራ ከሚያገለግለው ጋር ያመሳስሉታል። ከዚያ በኋላ በጎርጎራ፣ በደንቀዝ፣ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ፣ በእንፍራዝ አጠገብ በምትገኘው በደብሳን፣ በጎጃምም በመርጡለ ማርያም የኖራ ግንብ ሥራ ተስፋፋ። በስፔን የኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእነዚህ ቦታዎች ለብዙ ዓመታት ቆፍረው ውጤቱን በ2017 በታተመ ትልቅ መጽሐፍ አቅርበዋል፤ ስለ ዘመኑ የግንብ ሥራ ለማወቅ የሚሻ ሁሉ ከዚያ ሊጀምር ይገባዋል።

የጀስዊቶቹን ምስክርነት የምንጥልበት ምክንያት የለንም። ነገር ግን ምስክርነቱ የሚለውንና መምሪያ መጻሕፍቱ የሚያስብሉትን ለይተን ማየት ይገባናል። ምስክርነቱ የሚለው ከሕንድ የመጣ ሰው በኢትዮጵያ ምድር ያለውን ድንጋይ ዐወቀ ነው። ድንጋዩ የአገሩ ነው፤ ዕውቀቱ የሕንድ ውቅያኖስ ነው፤ ፖርቱጋላዊው ጸሐፊ የሰማውንና ያየውን ጻፈ። መምሪያው ግን ጸሐፊውን እንደ ፈልሳፊ አድርጎ አቀረበልን። ቃሉም ቢሆን ይህን አያግዝም። ፖርቱጋሎች ኖራን «ካል» ይሉታል፤ የእኛ «ኖራ» ግን ከዓረቦች «ኑራ» ጋር የተዛመደ ነው። ቃል ብቻውን ታሪክ አያጸናም፤ ዕቃ ከአንድ በር ገብቶ ስሙ ከሌላ በር የሚገባበት ጊዜ አለና። ሆኖም አንድ ነገር በቀይ ባሕር ማዶ ካሉ ጎረቤቶች በመጣ ስም እየተጠራ፣ ነገሩ ከሊዝቦን መጣ ብሎ ለመደምደም የበለጠ ማስረጃ ያሻል።

ከዚህ የሚከብደው የጉዛራ ጥያቄ ነው። በእንፍራዝ አቅራቢያ በኮረብታ ላይ ያለው የጉዛራ ግንብ በልማድ የዐፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) ነው ይባላል፤ የተገነባውም በኖራ ነው። ልማዱ እውነት ከሆነ ኖራ በአገራችን ከሱስንዮስ በፊት ይቃጠል ነበርና የ1620ዎቹ «ግኝት» ግኝት መሆኑ ይቀራል፤ ወይም ተረስቶ የነበረ ዕውቀት መታደስ ይሆናል። ልማዱ ስሕተት ከሆነ ደግሞ ግንቡ ወደ ኋለኛው ዘመን መውረድ አለበት። ሊቃውንት በዚህ ተከራክረዋል፤ ክርክሩ ግን በአብዛኛው የሚካሄደው በመስኮቱ ቅስትና በማማው ቅርጽ ላይ ነው። እኛ እንደሚመስለን ዳኛው ያለው ከኖራው ውስጥ ነው። በእንጨት በተቃጠለ ኖራ ውስጥ ከእቶኑ ያመለጠ የከሰል ቅንጣት ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ የዚያም ከሰል ዕድሜ በካርቦን 14 ሊለካ ይችላል። እርግጥ ለማገዶ የተቈረጠው ዛፍ ሽማግሌ ከነበረ ልኩ ወደ ኋላ ይስባል፤ ስለዚህ ከቀጭን ጭራሮ የተገኘ ከሰል መመረጥ አለበት። እንደዚሁም በጭቃው ውስጥ ሳይበስል የቀረ የድንጋይ እንክብል ቢገኝ የትኛው ድንጋይ ለኖራ እንደ ዋለ ይነግረናል። እቶኑ ተገኝቶ ቢሆን ደግሞ ሁለቱን ማስተያየት በተቻለ ነበር።

ድንጋዩ ከየት ተገኘ የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። የጂኦሎጂ መምህራን እንደሚያስተምሩን ጎንደር የቆመችው በወፍራም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ሰፊው የበሃ ንጣፍ ከዚህ ጥቁር ድንጋይ በታች ነው፤ የሚታየውም እንደ ዓባይ ሸለቆ ያለ ጥልቅ ገደል ሲቈርጠው ነው። ከዓባይ ሸለቆ እስከ ጎንደር በአህያ ድንጋይ ወይም ኖራ ማመላለስ እጅግ አድካሚ ነው። ነገር ግን ጀስዊቶቹ «ቀላልና የተበሳሳ» ያሉት ድንጋይ ከባሕር ወለል የተነጠፈውን ጽኑ በሃ አይመስልም፤ ምንጭ ውሃ እያስቀመጠው የሚሄደውን ስፖንጅ መሰል ድንጋይ ይመስላል። ይህ ከሆነ ሰዎቹ ይጠቀሙ የነበረው ከትናንሽና ከተበታተኑ ስፍራዎች ነበር፤ እቶኖቹም አንድ ቦታ ሳይሆን ድንጋዩና ማገዶው በተገናኙበት ሁሉ ይተከሉ ነበር ብለን መገመት እንችላለን። ግምት ነው፤ ነገር ግን በእግር ሄዶ ሊፈተን የሚችል ግምት ነው።

ዐፄ ፋሲለደስ (1632–1667) ጀስዊቶችን ከአገር አስወጥተው ጎንደርን በ1636 መናገሻ አደረጉ። የኖራ እሳት ግን ከሚሲዮናውያኑ ጋር አብሮ አልወጣም። የፋሲል ግንብ፣ የዮሐንስ፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ (1682–1706)፣ የዳዊት፣ የበካፋ ሕንፃዎች ተከታተሉ፤ እቴጌ ምንትዋብም ከ1730 ወዲህ ግቢ ውስጥና በቍስቋም አሠሩ። የፋሲል ግቢ ቅጥር ብቻ ርዝመቱ 900 ሜትር ነው። ይህ ማለት አንድም ጀስዊት በሌለበት ከመቶ ዓመት በላይ ድንጋይ ይፈለጥ፣ እንጨት ይማገድ፣ ኖራ ይበርድ ነበር። እንግዲህ ሚዛኑን አንባቢ ይፈርደው፤ ድንጋዩ ስለ ተለየበት አንድ ወቅት ሁሉም ይጽፋል፤ እሳቱ ስለ ነደደበት መቶ ዓመት ማንም አይጽፍም።

ባለ ሥራዎቹስ እነማን ነበሩ? ዜና መዋዕሉ በዚህ ረገድ ከኋለኞቹ ጸሐፊዎች ይልቅ ቸር ነው። የደንቀዝን ቤተ መንግሥት ሲያወሳ ሕንዳዊውን ግንበኛ አብደል ከሪምን፣ ግብፃዊውንም አናጢ ሰደቃ ነስራኒን በስም ያነሣል። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ኩዊሪን በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ቤተ እስራኤል በጎንደር ዘመን በግንበኝነትና በአንጥረኝነት ነገሥታቱን ያገለግሉ እንደ ነበር፣ ስለ ሥራቸውም ማዕረግና መሬት ያገኙ እንደ ነበር አሳይቷል። ከዚህ የምንረዳው ግንበኛው ስም አገኘ፤ አናጢው ስም አገኘ፤ ኖራ አቃጣዩ ግን ስም አላገኘም። በእጁ ሙያ የሚያድር ሰው እንደ ተናቀ በኖረበት አገር ይህ ሊያስደንቀን ባይችልም፣ ሊቈጨን ይገባል። ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በክፉ ስም የተጠሩበት ምክንያት እሳት ነበር፤ ኖራ አቃጣዩም የእሳት ሰው ነበር። ጎንደር አጠገብ በምትገኘው በወለቃና በሌሎችም መንደሮች ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል በ1984–85ና በ1991 በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ስለዚህ የአባቶችን የግንብ ሥራ ትዝታ የሚጠይቅ ተማሪ ጎንደር ላይ ብቻ ቢጠይቅ ከግማሹ መዝገብ ጋር ሳይገናኝ ይመለሳል።

በሕዝብ ትዝታ ውስጥ የቀረው ስለ ጭቃው የሚነገረው የእንቁላል ወሬ ነው። የጎንደርን ግንብም ሆነ በዓባይ ላይ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ የተሠራውን የጥንት ድልድይ የሚያስጎበኝ ሰው፣ ኖራው በእንቁላል ተለውሶ ነው እንዲህ የጸናው ብሎ መናገሩ የተለመደ ነው። እንቁላሉ ለግንቡ ሁሉ ተቈጥሮ ቢሆን ኖሮ የበጌምድር ዶሮ ፋታ ባላገኘች ነበር። ይሁን እንጂ ወሬውን እንደ ተረት አንጥለውም፤ በሌላ አገርም የወተት፣ የደም፣ የእንቁላል ነገር በጥንት ኖራ ውስጥ በምርመራ ተገኝቷል፤ ለተለየ ልስን ወይም ለውሃ ማቆሪያ ጥቂት መጨመር የሚቻል ነገር ነው። ትችታችን በወሬው ላይ ሳይሆን ወሬው በተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። እንቁላሉ የኖራውን ጽናት ሁሉ ሲወስድ የእቶኑ ጥበብ ሳይነገር ይቀራል። ኖራ የሚጸናው በደንብ ሲበስል፣ በደንብ ሲበርድ፣ ከተጣራ አሸዋ ጋር በደንብ ሲታሽ ነው። ይህ አድካሚ ስለ ሆነ ለወሬ አይመችም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ታሪክ ነው። ጉዳቱ የሚታየው ግን ወደ ጥገናው ስንመጣ ነው። ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ወራሪው የፋሲልን ግቢ ለራሱ መሥሪያ ቤት አድርጎ ይዞት ነበር፤ ግንቦቹንም ሲያድስ ሲሚንቶና አርማታ አስገባባቸው። በ1941 ደግሞ እንግሊዞች በአየር ሲደበድቡ ግቢው ተጎዳ፤ ከዚያ በፊት በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ1888 የድርቡሽ ቃጠሎ ደርሶበት ነበር። ስለ ቦምቡና ስለ ቃጠሎው ሁሉም ያውቃል። ሲሚንቶው ግን በዝምታ የሚሠራ ጠላት ስለ ሆነ የሚያነሣው የለም።

ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ ጠንካራነቱም ነው ጉዳቱ። የኖራ ግንብ ክረምት ውሃ ይጠጣል፤ በጋ በኖራው ስንጥቅና ቀዳዳ በኩል ይተፋዋል። መገጣጠሚያው በሲሚንቶ ሲደፈን ውሃው መውጫ ያጣል፤ ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ፣ ይኸውም በድንጋዩ በኩል ይወጣል። ጥቁሩ ድንጋይ ይችለው ይሆናል፤ በጎንደር የበሩንና የመስኮቱን ዙሪያ የሚያስጌጠው ለስላሳ ቀይ ድንጋይ ግን በውሃውና ውሃው ይዞት በሚመጣው ጨው እየተላጠ ይረግፋል። በአርማታ ውስጥ ያለው ብረት ሲዝግ ይፋፋል፤ ሲፋፋም ያቀፈውን ይሰነጥቃል። ኖራ ደግሞ ግንብ ሲንቀሳቀስ አብሮ ጥቂት ይለዝባል፤ ቢሰነጠቅም በቀላሉ ተነቅሎ ይተካል። ሲሚንቶን ከጥንት ድንጋይ ላይ ለማላቀቅ የሞከረ ግን ድንጋዩን ይዞት ሲመጣ ያያል።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር መጨመር አለብን። ሲሚንቶ ያስገቡት ሰዎች ያንን ያደረጉት ከንቀት ብቻ አይደለም። በ1931 በአቴና የተሰበሰቡት የሐውልት ጠባቂዎች በጉባኤያቸው ውሳኔ ዘመናዊ ቁሳቁስን፣ በተለይም አርማታን፣ በጥንት ሕንፃ ጥገና በአስተዋይነት መጠቀምን ደግፈው ነበር። ስለዚህ ሲሚንቶ የዘመኑ ምሁራን ምክር ነበር። በ1964 በቬኒስ የወጣው ቻርተር ነው ነገሩን ወደ ጥንቃቄ የመለሰው፤ የቀድሞውን ቁሳቁስ ማክበር መሠረት እንደ ሆነ፣ አዲስ ዘዴ የሚፈቀደውም የጥንቱ በማይበቃበት ጊዜ እንደ ሆነ ደነገገ። በጎንደርም በ1970ዎቹ በዩኔስኮ ድጋፍ ሥራ ተጀመረ፤ ግቢው በ1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ፤ የማይስማሙት ቁሳቁሶች ወጥተው በኖራ የተተኩበት ሥራም ተሠራ። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው። እኛ የምንጠይቀው ቀጥሎ ያለውን ነው፤ ያ ኖራ የትኛው ኖራ ነው? ከጥንቱ ጋር ተመሳክሯል? ሲሚንቶ በወረራው ዘመን በቀላሉ የገባው ጣሊያኖች ስለ ፈለጉት ብቻ አይመስለንም፤ በዚያን ጊዜ ድሬ ዳዋ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ ሲቋቋም፣ ጎንደር ላይ እጁን አንሥቶ «የዚህ ግንብ ኖራ እንዲህ ነበር የሚቃጠለው» የሚል ኖራ አቃጣይ አልተሰማም። ዕውቀቱ ቀድሞ ጠፍቶ ከነበረ ሲሚንቶው የገባው በባዶ ቤት ነው።

ሌሎች አገሮች እቶኖቻቸውን እንዴት እንደ ያዙ ማየት ለዚህ ጥያቄ ይጠቅማል። በጀርመን አገር ኢቨርስሃይም በተባለች መንደር በ1966 የሮማ ወታደሮች ኖራ ያቃጥሉባቸው የነበሩ 6 እቶኖች ተገኙ። ጣራ ተሠርቶላቸው ሙዚየም ሆኑ፤ ተመራማሪዎቹም አንዱን እቶን አድሰው ራሳቸው ኖራ አቃጥለውበት የጥንቱን አሠራር ፈተኑ። በ2021 ቦታው ከሌሎች የሮማ ድንበር ቅርሶች ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። በሰሜን እንግሊዝ በሊንዲስፋርን ደሴት የቆሙት ትላልቅ የ19ኛው ምዕት ዓመት እቶኖችም በብሔራዊ የቅርስ ጠባቂ ማኅበር እጅ ናቸው፤ ጎብኚ ይገባባቸዋል፤ ቅስታቸው ያምራል። ነገር ግን እቶንን ማቆየትና ኖራን ማቆየት አንድ አይደሉም። በእንግሊዝ አገር የኖራን ጥበብ የመለሰው የሊንዲስፋርን እቶን አይደለም፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በዌልስ ካቴድራል ፊት ለፊት ያሉት ምስሎች ሲጠገኑ ሮበርት ቤከር የተባለው ባለሙያ ከጓደኞቹ ጋር በኖራ የሠራው ሥራ ነው። ከኢቨርስሃይም የምንወስደው ጣራውን ሳይሆን ሙከራውን ነው።

«የፋብሪካ ኖራ በከረጢት እየተሸጠ ስለ አሮጌ እቶን ምን ያስጨንቃል?» የሚለን አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የከረጢት ኖራ ግድግዳ ለመለቅለቅ ይበቃል፤ ትኩስ ከሆነም ለግንብ ሊውል ይችላል። ነገር ግን በመጋዘን ብዙ ወር የተቀመጠ ኖራ ከአየር ጋዝ እየወሰደ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ይሞታል፤ ግንበኛውም የኖራውን ድካም አይቶ ሲሚንቶ ቀላቅሎ ያጸናዋል፤ በዚህ መንገድ በበር የወጣው ሲሚንቶ በመስኮት ይመለሳል። ከዚህም ሌላ ኖራ ሁሉ አንድ አይደለም። ሸክላ አፈር የተቀላቀለበት በሃ ሲቃጠል በውሃ ውስጥ እንኳ የሚጸና ኖራ ይሰጣል፤ ንጹሕ በሃ ግን አየር ይፈልጋል። የጎንደሩ የትኛው ነበር? የዓባይ ድልድይ ሠሪዎች እርጥበት በማይለየው ስፍራ የተጠቀሙት ከግቢው ኖራ ጋር አንድ ነበርን? ይህ ሳይታወቅ የሚደረግ ጥገና የበሽታውን ስም ሳያውቁ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው።

ሕግም ቢሆን በዚህ ነገር አይከለክለንም። በ1966 የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 229 ጥንታዊ ቅርስን ሲተረጕም ከ1850 ዓመተ ምሕረት በፊት የሰው እጅ የሠራውን ሁሉ እንጂ ቤተ መንግሥትን ብቻ አላለም፤ በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 209ም ትርጓሜውን አሰፋ እንጂ አላጠበበም። በሕግ ፊት የፋሲል አዳራሽና የፋሲል ኖራ የተቃጠለበት ጉድጓድ ሁለቱም ቅርስ ናቸው። ልዩነቱ አንደኛው በፎቶግራፍ ያምራል፤ ሁለተኛው ግን መንገድ ሲጠረግ ወይም እርሻ ሲታረስ ማንም ሳያውቀው ይጠፋል። ከተማዪቱም ሆነች አዘዞ በየዓመቱ እየሰፉ ናቸው፤ ከሁሉ በፊት የሚጠፋው ያልተመዘገበው ነው።

እቶን ፍለጋ የሚወጣ ሰው ግን ማማ ፍለጋ እንደ ወጣ ሆኖ እንዳያዝን ማስጠንቀቅ ይገባናል። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የስዋሂሊ ሰዎች የዛጎል ድንጋይን በግንድ ክምር ላይ ደርድረው በሜዳ ያቃጥሉት ነበር፤ እሳቱ ሲበርድ ሕንፃ የሚባል ነገር አይተርፍም። በጎንደር ዙሪያም እንደዚህ ተደርጎ ከሆነ የሚቀረው ምልክት ትንሽ ነው፤ እንደ ሸክላ ቀልቶ የጠነከረ አፈር፣ ነጭ እንክብል፣ ግማሹ በስሎ ግማሹ ጥሬ የቀረ ድንጋይ፣ በሙቀት ቀልጦ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ የድንጋይ ፊት፣ የከሰል ንጣፍ። ይህን የመሰለ ስፍራ በወንዝ አጠገብና በተዳፋት ላይ መፈለግ ይሻላል፤ ኖራ ለማብረድ ውሃ፣ እቶን ለመትከል ቁልቁለት ያስፈልጋልና።

ለክፍላችን ጓደኞች የምናቀርበው ሐሳብ ስለዚህ የተወሰነ ነው። በጎርጎራ፣ በአዘዞ፣ በደንቀዝ፣ በጉዛራና በደብሳን መካከል ያለው አገር ለእግረኛ ሰፊ አይደለም። ሣሩ በሚደርቅበት ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ሁለት ሁለት ሆኖ መሄድ ይቻላል፤ የጂኦሎጂ ተማሪ ከታሪክ ተማሪ ጋር ቢጣመር ይመረጣል። ኖራ፣ እቶን፣ ጭስ፣ ነጭ አፈር የሚሉ ቃላት ያሉባቸው የቦታ ስሞች ከሽማግሌዎች ተጠይቀው በፊደል በትክክል ይጻፉ፤ ቤት ለመለቅለቅ ነጭ አፈር ከየት እንደሚያመጡ ሴቶቹ ይጠየቁ፤ እነርሱ ከካርታ ሠሪው ይልቅ ያውቃሉና። ስፍራ ከተገኘ አይቈፈር፤ ይለካ፣ ፎቶግራፍ ይነሣ፣ ለቅርስ ባለሥልጣን ይነገር። ከግንቡ ናሙና የሚወሰደው በባለሥልጣኑ ፈቃድ፣ ከወደቀው ፍርስራሽ እንጂ ከቆመው ግድግዳ ሳይሆን፣ መጠኑም ከክብሪት ሳጥን ሳይበልጥ ነው። በእያንዳንዱ ናሙና ላይ የተገኘበት ሕንፃ፣ ከመሬት ያለው ከፍታ፣ ሲሚንቶ የነካው መሆኑና አለመሆኑ ይጻፍ፤ የወረራው ዘመን ጥገና ከጥንቱ ጋር ተቀላቅሎ ላቦራቶሪ ከገባ የሚገኘው መልስ ስለ ፋሲል ሳይሆን ስለ ድሬ ዳዋ ይሆናልና።